«ተመከረች፤ እምቢ አለች»
በወሊድ ሕክምና ክርክሮች ስለሚቀርብ አንድ መከላከያ የተጻፈ ሂስ

በወሊድ ሕክምና ላይ አቤቱታ ሲቀርብ፣ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ቢሄድም ሆነ ወደ ሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ በባለሙያው የመልስ ጽሑፍ ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ሐረግ አለ። «ታካሚዋ የተሰጣትን የሕክምና ምክር ባለመቀበሏ» ይላል። በካርዱ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያጥርና «ተመከረች፤ እምቢ አለች» ይሆናል። ሐረጉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሐኪሙ ወይም አዋላጇ ነግረዋታል፤ እርሷም የተባለችውን አልፈጸመችም። ይሁን እንጂ አንድ ቃል እውነት መሆኑና መከላከያ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እዚህ የሚተቸውም የሁለቱ መምታታት ነው።

ጉዳዩ ለጤና ባለሙያው የሩቅ አይደለም። የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሰጣቸውን 125 ውሳኔዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የማኅፀንና ጽንስ ሕክምና አቤቱታ ከሚበዛባቸው ዘርፎች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። የሚያስደንቅ ግኝት አይደለም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በጤና ተቋም የሚወለደው ሕፃን በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ያህል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሰ። ቀድሞ በጎጆ ውስጥ የፈጣሪ ሥራ ተብሎ ይታለፍ የነበረው ሞት ዛሬ ካርድ፣ ሰዓትና የተረኛ ስም አለው። በዚህም የተነሣ የሚጠየቅ ሰው ተገኝቷል።

ሐረጉን ሁሉ ነገር ከተሟላለት ከተማ ሆኖ ማንበብና ከቆቦ ሆኖ ማንበብ አንድ አይደለም። የራያ ቆቦ ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ወደ ላስታ በሚወጣው ደጋ ግርጌ የተያዘ ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አስፋልት ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን እየነካ ወደ ዋጃ ይዘልቃል። በአስፋልቱ ዳር ያለ ቤተሰብና በዞብል ሥር ያለ ቤተሰብ በአንድ ወረዳ ቢቆጠሩም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ያላቸው ርቀት አይመሳሰልም። በክረምት ሆርማትና ጎሊና ሲሞሉ ተሽከርካሪ ከወንዝ ወዲህ ይቆማል። በቆቦ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ጉዳይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ ወደሚገኘው የወልድያ ሆስፒታል ይላካል። አካባቢው ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከነሐሴ 2014 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ማለፉ፣ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መውደማቸውም መዘንጋት የሌለበት ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። የሚከተለው የአንዲት የታወቀች እናት ታሪክ ሳይሆን በቆላ የሠራ ባለሙያ ቁርጥራጩን ከየካርዱ የሚያውቀው ጉዳይ ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ሁለተኛ እርግዝናዋን በጤና ጣቢያ ትከታተላለች። ቀኗ ሲቃረብ ወደ እናቶች ማቆያ እንድትገባ፣ ምጧም በሆስፒታል እንዲሆን ይነገራታል። ወቅቱ ማሽላ ከወፍ የሚጠበቅበት ነው፤ አማቷ ታማለች፤ የመጀመሪያ ልጇን የሚይዝላት የለም። ሳትገባ ትቀራለች። ምጡ ሲመጣ የመንደሩ አዋላጅ ትጠራለች። በሁለተኛው ሌሊት በቃሬዛ ተይዛ ወደ መንገድ፣ ከዚያም በተገኘው ተሽከርካሪ ወደ ሆስፒታል ትደርሳለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ተረኛው መርምሮ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ይነግራታል። እርሷ «ባለቤቴ ይምጣ» ትላለች። ባለቤቷ ከማሳ ወርዶ ሲደርስ 10 ሰዓት ሆኗል። በመካከሉ ምጡ ድንገት ቆሟል፤ የጽንሱ የልብ ትርታም ጠፍቷል። ማኅፀኗ በቀድሞው ጠባሳ ላይ ተቀድዷል። ሕፃኑ አልተረፈም፤ እናቲቱ ተርፋ ማኅፀኗን አጥታለች። ከሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ ይከሳል፤ የመልሱ የመጀመሪያ መስመርም ከላይ የተጠቀሰው ሐረግ ይሆናል።

ይህች ሴት ሁለት ጊዜ «አልሰማችም»። ማቆያ አልገባችም፤ ቀዶ ሕክምናውንም አዘግይታለች። ሁለቱን በአንድ ሐረግ መጠቅለል የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ማቆያ አለመግባቷ እምቢታ ነው ለማለት መግባት ትችል እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። ልጇን የሚይዝ ሰው ሳይኖራት፣ ማሽላው ለወፍ ሳይተው መሄድ ለማትችል ሴት የተሰጠ ምክር በካርድ ላይ እንደ ምክር ይጻፍ እንጂ ለእርሷ ከምኞት አያልፍም። አለመቻልን እንደ አለመፈለግ የሚመዘግብ ካርድ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ገና በጤና ጣቢያው ፍርድ ሰጥቷል።

ሕጉ ስለ እምቢታ የሚለው ብዙ ባለሙያዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ ለመቀበል እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ እምቢታ መብት እንጂ በራሱ ጥፋት አይደለም። አንቀጽ 2031 በበኩሉ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት፣ በሳይንስ የታወቀውን ወይም በሙያው ተቀባይነት ያገኘውን ሥርዓት በቸልተኝነት ሲጥስ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ሕጉ ስለ ሕክምና ውል በሚናገርበት ክፍል ደግሞ ሐኪም በግልጽ ካልተዋዋለ በቀር ለመፈወስ ዋስ እንደማይሆን ሰፍሯል። ጉዳቱ በከፊል ከተጎጂው ጥፋት የመጣ እንደሆነ በአንቀጽ 2098 መሠረት ካሳው በከፊል ብቻ ይሆናል። «ምክር አልሰማችም» የሚለው ቃል በፍትሐ ብሔር ክርክር ዋና ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የባለሙያው ጥፋት ካለ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ጥፋቱን አይፍቀውም። ጥፋት ከሌለ ደግሞ ባለሙያው ነጻ የሚወጣው በሠራው ሥራ ነው።

በወንጀል በኩል ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ሲያደርስ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይጥላል። ሕጉ ለምሳሌ የሚጠቅሰው ሐኪምንና ሾፌርን ነው። ጎን ለጎን መቀመጣቸው ያስገርማል፤ ሾፌር ተሳፋሪውን ጤነኛ ሆኖ ይረከባል፤ ተረኛዋ አዋላጅ ግን ብዙ ጊዜ የምትረከበው አደጋው በመንገድ ላይ ከጀመረ በኋላ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 69 ተቀባይነት ባለው የሙያ አሠራር የተፈጸመና ከባድ የሙያ ጥፋት የሌለበት ተግባር እንደማያስቀጣ ይገልጻል። በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው እናቲቱ እሺ ወይም እምቢ ማለቷ ሳይሆን በዚያ ሌሊት የተሠራውና የተጻፈው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመረመረው ምክሩ ራሱ ነው። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ለወለደች ሴት በክትትል ክፍል የሚነገረው ብዙ ጊዜ «ቤት ከወለድሽ ትሞቻለሽ» የሚል ነው። አሳቡ በጎ ነው፤ ንግግሩ ግን እውነት አይደለም። በታችኛው የማኅፀን ክፍል ላይ አንድ ጊዜ በአግድም የተቀደዱ ሴቶች በሆስፒታል ክትትል ሥር ሲያምጡ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና ይወልዳሉ፤ ማኅፀን የሚቀደደው ከ1,000 በ5 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ በሚል ቁጥር ላይ ነው። ይህን ቁጥር እናቲቱ አታውቅም፤ ጎረቤቷን ግን ታውቃለች። ጎረቤቷ በጠባሳዋ ላይ ቤቷ ወልዳለች፤ ልጇም ዛሬ ፍየል ይጠብቃል። የባለሙያው ቃል ከጎረቤቷ ሕይወት ጋር ሲጋጭ ቃሉ ይሸነፋል፤ ሌሎች እውነተኛ ምክሮቹም አብረውት ይወድቃሉ። ለእርሷ ሊነገራት የሚገባው የሚከተለውን የመሰለ ነበር፦ «እንዳንቺ ካሉት አብዛኞቹ በደኅና ይወልዳሉ። ከሺህ አምስት ያህሉ ግን ማኅፀናቸው ይቀደዳል፤ የትኛዋ እንደሆነች አስቀድሞ አይታወቅም። ሲቀደድ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው፤ ከእናንተ ቀዬ እዚህ ድረስ ደግሞ በደቂቃ አይደረስም።» ይህ ንግግር ከማስፈራራቱ ይረዝማል። ሠላሳ እናቶች ደጅ ተቀምጠው በሚጠብቁበት የክትትል ቀን እንዲህ መናገር አዳጋች መሆኑም መታወቅ አለበት። ሆኖም በኋላ «መክረናታል» ተብሎ በፍርድ ቤት የሚቀርበው የትኛው ንግግር እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ሊኖር ይገባል።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገር በፍርድ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ትሩማንና ቶማስ» በተባለው ጉዳይ የተመለከተው በማኅፀን በር ካንሰር በ30 ዓመቷ ስለሞተች ሴት ነበር። ሐኪሟ በተከታተላት ዓመታት ምርመራውን እንድታደርግ ደጋግሞ ነግሯታል፤ እርሷም አንድ ጊዜ ወጪውን እያነሣች፣ ሌላ ጊዜ አልፈለግሁም እያለች ሳታደርግ ቀርታለች። መከላከያው ዛሬ በእኛ ካርዶች ላይ ከሚጻፈው አይለይም። ፍርድ ቤቱ ግን ሐኪም «አድርጊ» ብሎ መናገሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ባታደርግ የሚያገኛትን አደጋ መግለጽም የግዴታው አካል እንደሆነ ወስኖ ለሐኪሙ የተሰጠውን ፍርድ ሻረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞንትጎመሪ ጉዳይ ከዚህ አልፎ ሄደ። እናቲቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ የሕፃኑ ትከሻ በወሊድ ጊዜ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል ከመቶ 9 እስከ 10 ያህል ቢሆንም አልተነገራትም፤ ልጇ በአንጎሉ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ሐኪሟ ያልነገረቻት እናቶች ይህን ከሰሙ ቀዶ ሕክምና ይመርጣሉ በሚል አሳብ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚነገረው አደጋ የሚለካው በዚያች እናት ቦታ ላለ ሰው ባለው ክብደት እንደሆነ አጸና። በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ ደግሞ በ36ኛው ሳምንት ከባድ ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ይዟት ሕክምና እምቢ ያለች ሴት ያለ ፈቃዷ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ መደረጉ ሕገ ወጥ ተብሏል፤ ልጇ በሕይወት መወለዷም ውሳኔውን አልለወጠውም።

እነዚህን ፍርዶች በየሥልጠናው የሚጠቅሱ አሉ፤ የሚወሰደው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ቅጽ ይረዝማል። አሻራ የሚጨመርበት ቦታ ይበዛል። እናቲቱ በማታነበው ፊደል፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ወረቀት ምጥ በያዛት ሰዓት ይቀርብላታል። ከዋጃ ወገን ትግርኛ፣ ከዞብል ማዶ አፋርኛ የሚናገሩ እናቶች በሚመጡበት አካባቢ ንግግሩ በማን እንደተተረጎመ እንኳ ቅጹ አይጠይቅም። ፍርዶቹ የሚሉት ግን የወረቀቱን ርዝመት የሚመለከት አይደለም፤ የሚጠይቁት እናቲቱ ምን አውቃ እንደወሰነች ነው። የቀዶ ሕክምና ፈቃድን በባል ፊርማ ላይ ማንጠልጠል ደግሞ ከዚህም የባሰ ልማድ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተስተካከለ ሴት ፈቃድ የራሷ ነው፤ አንቀጽ 20 ባልን አይጠቅስም። በምሳሌው ሌሊት ሦስት ሰዓት ያለፈው ሴቲቱ ስለጠየቀች ነው ወይስ ተረኛው ራሱ «ፈራሚ የት አለ?» ብሎ ስለጀመረ? ሁለቱ ሁኔታዎች በካርዱ ላይ በአንድ ቃል «እምቢ አለች» ተብለው ይጻፋሉ። ሁለተኛው ሆኖ ከተገኘ እምቢ ያለው ተቋሙ ነው።

እናቲቱ በእርግጥ ባሏን ልጠብቅ ብላ እንደሆነ ደግሞ የባለሙያው ግዴታ በዚያ አይቆምም። እምቢታ የሚሸፍነው እምቢ የተባለውን ነገር ብቻ ነው። የደም ሥር መክፈት፣ የጽንሱን ልብ በየ15 ደቂቃው ማዳመጥ፣ ደም ማዘጋጀት፣ ሰመመን ሰጪውን መቀስቀስ፣ የቀዶ ክፍሉን ክፍት ማድረግ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ተመልሶ መጠየቅ ሁሉ እምቢ አልተባሉም። ካርዱም እንደሚከተለው ሊነበብ ይችል ነበር፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20። የቀድሞ ጠባሳ ስላላትና ምጡ ስለረዘመ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት በአማርኛ ተነገራት። ቢዘገይ ማኅፀኗ ሊቀደድ፣ ሕፃኑም ሊሞት እንደሚችል ተገለጸላት። በራሷ ቃል ስትደግመው ‹ሆዴ ውስጥ ሊቀደድ ይችላል ብላችሁኛል› አለች። ባለቤቷ ሳይደርስ ብትሞት ልጇ ያለ አደራ እንዳይቀር ስለፈራች ልጠብቅ አለች። የደም ሥር ተከፈተ፤ የቀዶ ክፍሉ ተዘጋጀ። 7 ሰዓት ከ50 ላይ እንደገና ተጠየቀች።» ይህን ለመጻፍ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ፍርሃቷን የጠየቀ ባለሙያ ደግሞ አደራውን እዚያው ላለችው እኅቷ እንድትሰጥ አድርጎ በ8 ሰዓት ቀዶ ሕክምናውን ሊጀምር ይችል ነበር፤ የተጻፈው ምክንያት ለክርክር ብቻ ሳይሆን ለሕክምናውም ያገለግላል ማለት ነው።

ሐረጉ ከፍርድ ቤት ውጭም ሥር ሰድዷል። ታዴየስና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የሦስቱ መዘግየቶች ማብራሪያ እናት የምትሞተው ለመምጣት በመወሰን፣ በመንገድና በተቋሙ ውስጥ በሚደርሱ መዘግየቶች እንደሆነ ያሳያል። ማብራሪያው ሦስቱ እርስ በርስ የሚተሳሰሩ መሆናቸውን ይናገር ነበር፤ ባለፈው ወሊድ በተቋሙ የተንገላታች ሴት በሚቀጥለው ለመምጣት ትዘገያለች። በሥራ ላይ ሲውል ግን ሦስት ሣጥን ሆነ፤ በመጀመሪያው ሣጥን ላይ ምልክት የተደረገበት ሞት የቤተሰቡ ጥፋት ተደርጎ ይነበባል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ስም ሳይጠራና ሰው ሳይወቀስ ሞቱ እንዲመረመር የተዘጋጀ ነው። አለመውቀስ ለባለሙያው የሚሠራ ከሆነ ለሟቿም ሊሠራ ይገባል።

ወቀሳው ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሄድ የከሳሹም ወገን መታየት አለበት። መጥፎ ውጤት የሙያ ጥፋት ማስረጃ አይደለም። የባለሙያ አስተያየት ሳይሰማ አዋላጅን ከተረኛ ክፍል አውጥቶ ማሰር ለሟቿ ፍትሕ አያመጣም፤ በማግሥቱ ለምትመጣው እናት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዋጋው በቆቦ የሚከፈለው በሪፈር ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል ቀዶ ሕክምና «ለማንኛውም ወልድያ ይሂድ» ተብሎ ይላካል። የሪፈር ወረቀት ለላኪው ጥሩ ጋሻ ነው፤ ሞቱ በሌላ ተቋም ወይም በመንገድ ላይ ይመዘገባልና። ማኅፀኗ ሊቀደድ ለተቃረበ እናት 50 ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ግን ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለራስ መከላከያ ተብሎ የተጻፈ ሪፈር በአንቀጽ 2031 ሚዛን ላይ ቢወጣ «አልሰማችም» ከሚለው የከፋ ሊመዝን ይችላል፤ እዚህ ላይ እናቲቱ ምክሩን ሰምታለችና።

በራያ ቆቦ እንዲህ ያለ ነገር ከችሎት በፊት ወደ ሽማግሌ ሊሄድ ይችላል። ደም የተቃባን የሚያስታርቀው የዘወልድ ሥርዓት፣ በሰፊው ወሎም አበጋር፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ የማናገር ልማድ አላቸው። በዚያ መድረክ ባለሙያው ሟቿ ምን እንደደረሰባት በሚገባ ቋንቋ ሊያስረዳ ይችላል፤ ይህን ዕድል በሆስፒታል ያላገኘ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ሁለት ነገር ግን መለየት አለበት። እርቅ በቸልተኝነት ሰው መግደል በሚል የተጀመረን የዐቃቤ ሕግ ክስ በራሱ አያስቆምም። የሽምግልናው ክፍያም ከአንዲት አዋላጅ ደመወዝ ላይ መውጣቱ ተገቢ አይደለም፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚፈጽመው ጥፋት ተጎጂው ከመንግሥት ካሳ መጠየቅ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2126 ተናግሯል። ደም ያልነበረበት የደም ባንክና ሰመመን ሰጪ ያልነበረበት ሌሊት በአዋላጇ ኪስ ሲታረቁ ጉድለቱ ሳይነገር ይቀራል።

ወደ ምሳሌው ካርድ እንመለስ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው በአንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ካርዱ የሚነበበው ሌሊቱን ማንም በደንብ በማያስታውስበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደረስን» ብሎ ይመሰክራል። በካርዱ ላይ ያለው ማስታወሻ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ቀን ይሁን ሌሊት ሳይለይ፣ «1፡20፤ ተመከረች፤ እምቢ አለች» ይላል። ችሎቱ ይህን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ብሎ ካነበበው ምክሩ የተሰጠው እናቲቱ ሆስፒታሉን ከመርገጧ ስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ነው፤ ከጠዋቱ ብሎ ካነበበው ደግሞ ማኅፀኗ ከወጣ በኋላ።